ኩዌርሴቲን፦ የሽንኩርቱ ፀረ-ኦክሲዳንት

የቀይ ሽንኩርት ደረቅ ልጣጭ ወጥ ቤት ውስጥ ዋጋ የለውም፤ ተልጦ ይጣላል። ውሃ ውስጥ ሲቀቀል ግን ውሃውን ወደ ቢጫ ያደላ ብርቱካናማ ያደርገዋል፤ ሱፍና ክር የሚነክሩ ባለሙያዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ለዚህ ቀለም ድርሻ ካላቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ኩዌርሴቲን ይባላል። ስሙ ከሽንኩርት ጋር አይዛመድም፤ የባሉጥ ዛፍ በላቲን ከሚጠራበት «ኩዌርኩስ» የወጣ ነው። ኩዌርሴቲን ፖምና ሻይ ቅጠል ውስጥም ይገኛል።

በእንክብል መልክ ሲሸጥ ጠርሙሱ ላይ «አንቲኦክሲዳንት» ይላል። አማርኛው ፀረ-ኦክሲዳንት ነው። ኦክሲዳንት ከሌላ ሞለኪውል ኤሌክትሮን የሚነጥቅ ነገር ነው፤ የብረት ዝገትም ሆነ የቆየ ዘይት መሻገት የዚህ ነጠቃ ውጤት ነው። ፀረ-ኦክሲዳንት ደግሞ ከራሱ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ነጠቃው ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ ይገታል። «ፀረ-ኦክስጅን» ብሎ ማሳጠር ግን ያሳስታል፤ ያለ ኦክስጅን የሚኖር ማን አለ?

ኩዌርሴቲን ደም ግፊት ላይ ምን ያደርጋል? በ2007 የታተመ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለተሳታፊዎቹ በቀን 730 ሚሊግራም ለ4 ሳምንት ሰጠ። የደም ግፊት በሽታቸው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ በነበረ ሰዎች የላይኛው ቁጥር በ7፣ የታችኛው በ5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ወረደ። ግፊታቸው ከፍ ማለት ጀምሮ በሽታ ደረጃ ላይ ያልደረሰ ሰዎች ላይ ግን ምንም ለውጥ አልታየም። በ2016 ደግሞ 587 ሰዎችን ያካተቱ 7 ሙከራዎች በአንድ ላይ ሲተነተኑ አማካይ ቅናሹ ከላይ 3፣ ከታች 2.6 ገደማ ሆነ፤ ውጤቱ ጎልቶ የታየውም በቀን 500 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በወሰዱት ላይ ነው። ቅናሹ አለ፤ ሐኪም ያዘዘውን ክኒን የሚያስጥል ግን አይደለም።

500 ሚሊግራም ከምግብ ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። 100 ግራም ቀይ ሽንኩርት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ ከአንድ ኪሎ በላይ መብላት ሊያስፈልግ ነው! ክምችቱ ወደ ውጭኛው ሽፋን እየበዛ ስለሚሄድ፣ ከደረቁ ልጣጭ ጋር አንድ ሁለት ሽፋን አብሮ የሚጥል ሰው የተሻለውን ክፍል ይጥላል። ሽንኩርት ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋም ብዙው አብሮ ይሄዳል። የወጥ ቁሌት በዚህ በኩል የታደለ ነው፤ የሚደፋ ነገር ስለሌለው የወጣው ሁሉ እዚያው ድስት ውስጥ ይቀራል። ጨውና ዘይቱ ከበዛበት ግን ለግፊትም ለልብም አይበጅም።

የደም ቅባት ነገር ይበልጥ ያወዛግባል። ኤልዲኤል የሚባለው ኮሌስትሮል ተሸካሚ ኦክሳይድ ሲሆን የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ይውጡታል፤ ቅባቱም እዚያው ይከማቻል። በ2009 በጀርመን ተመራማሪዎች በታተመ ጥናት ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የሆነ 93 ሰዎች በቀን 150 ሚሊግራም ለ6 ሳምንት ወሰዱ። ኦክሳይድ የሆነው ኤልዲኤል ቀነሰ። አጠቃላይ ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ ግን ባሉበት ቆዩ፤ «ጥሩው» የሚባለው ኤችዲኤልም በመጠኑ ወረደ። ይህን የመጨረሻውን ሻጮች አያነሱትም።

«ፀረ-ኦክሲዳንት» የሚለው ስያሜም ራሱ ነገሩን በሙሉ አይገልጽም። ኩዌርሴቲን አንጀትና ጉበት ውስጥ ቶሎ መልኩን ስለሚቀይር ደም ውስጥ የሚገባው በጣም ትንሽ ነው፤ በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ እንደሚያደርገው ነጠቃውን በቀጥታ ለመግታት አይበቃም። በ2008 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ሌላ መንገድ ጠቁሟል፦ ጤነኛ ወንዶች 200 ሚሊግራም ሲወስዱ የደም ሥርን የሚያላላው ናይትሪክ ኦክሳይድ መጨመሩን የሚያሳዩ ምልክቶች ታዩ፤ የሚያጠብበው ኢንዶተሊን ደግሞ ቀነሰ።

አሜሪካ ውስጥ እንክብሉ የሚሸጠው በመድኃኒትነት ሳይሆን በምግብ ማሟያነት ነው። በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ሻጩ «የደም ግፊትን ያክማል» ብሎ ጠርሙሱ ላይ መጻፍ አይችልም፤ «ጤናማ የደም ዝውውርን ይደግፋል» ማለት ግን ይፈቀድለታል።