ሳይታዘዝ የሚፈተለክ ተሽከርካሪ፦ ተጠያቂው ማን ነው?

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ መሳለሚያ ማለዳ ላይ የቆመ ሰው መንገዱ የተሽከርካሪ ብቻ አለመሆኑን ወዲያውኑ ይገነዘባል። ከእህል በረንዳ ጆንያ የተሸከሙ ወዛደሮች፣ ወደ አውቶቡስ ተራ የሚጣደፉ መንገደኞች፣ ጭነት የሚያራግፉ አይሱዙዎችና ተሳፋሪ የሚጠሩ የታክሲ ረዳቶች በአንድ አስፋልት ላይ ይተላለፋሉ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። እንዲህ ባለ ሥፍራ አንድ ተሽከርካሪ ከቁጥጥር ውጪ ቢሆን እግረኛው ዘወር ለማለት እንኳ ጊዜ አያገኝም።

ከአደጋ በኋላ ከአሽከርካሪዎች የሚሰማው ቃል ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ፍሬን ብረግጥም መኪናው እምቢ አለኝ የሚል ነው። ይህ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል። ራስን ለማዳን የተባለም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛም አማራጭ አለ፤ አሽከርካሪው ሳይዋሽ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት የሚደረገው ክርክር ዓመታት ሊፈጅ የሚችል በመሆኑ፣ በዚህ መካከል የተጎጂው ካሣ፣ የአሽከርካሪው ነፃነትና የአምራቹ ተጠያቂነት በምን አኳኋን እንደሚታዩ ማወቅ በተለይ ተሽከርካሪ ለሚያሰማሩ መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ነው።

የክስተቱ መነሻዎች

ተሽከርካሪ ሳይታሰብ የሚፈተለክባቸው ምክንያቶች ከአንድ በላይ ናቸው። የመጀመሪያው የእግር ስህተት ሲሆን፣ አሽከርካሪው ፍሬን የረገጠ እየመሰለው ነዳጅ መስጫውን ይረግጣል። መኪናው በፈጠነ ቁጥር ፍሬን ነው ብሎ ያሰበውን ይበልጥ አጥብቆ ስለሚረግጥ አደጋው ይከፋል። በተለይ ፍሪሲዮን ባለው ተሽከርካሪ የሠለጠነ ሰው ወደ አውቶማቲክ ሲሸጋገር እግሩ የለመደውን ቦታ ሊስት ይችላል።

ሁለተኛው ሜካኒካዊ ነው። ከቦታው የተንሸራተተ የእግር ምንጣፍ ነዳጅ መስጫውን ተጭኖ ሊይዝ፣ የዛገ የነዳጅ መስጫ ገመድ ወይም የደከመ መላሽ ሞላ ፔዳሉ ወደ ቦታው እንዳይመለስ ሊያደርግ ይችላል። በአሮጌ የዲዝል ሞተሮች ላይ ደግሞ ሞተሩ የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ እየሳበ የሚሮጥበት ሁኔታ ያጋጥማል። በዚህ ጊዜ ቁልፍ ማጥፋት ብቻውን ሞተሩን ላያቆመው ይችላል።

ሦስተኛው ኤሌክትሮኒክ ነው። በዘመናዊ ተሽከርካሪዎች በፔዳሉና በሞተሩ መካከል ገመድ የለም፤ የእግርን ትዕዛዝ የሚያደርሰው ኮምፒዩተር ነው። በመሆኑም በኮምፒዩተሩ ወይም በመጫኛ ፕሮግራሙ ላይ የሚፈጠር ጉድለት በዓይን አይታይም፣ አደጋው ካለፈ በኋላም አሻራ ላይተው ይችላል።

የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል?

ለማብራራት ያህል የአንድ መሥሪያ ቤት መኪና መሳለሚያ ላይ ከቆመበት ተፈትልኮ አንድ ወዛደር ገጨ እንበል። ሕጉ በዚህ ጊዜ አንድ ሳይሆን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ያነሳል።

አንደኛው የወንጀል ተጠያቂነት ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 57 ማንም ሰው አስቦ ወይም በቸልተኝነት ካላጠፋ በቀር በወንጀል እንደማይቀጣ ይደነግጋል። ድርጊቱ የተፈጸመው ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ ከሆነ ጥፋተኛነት የለም። በሌላ በኩል አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን የሚመለከት ሲሆን፣ እንደ አሽከርካሪ ያለ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ግልጽ ደንብ በመተላለፍ ወይም ከአንድ ሰው በላይ የገደለ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ዓመት ሊደርስ በሚችል እስራት እንደሚቀጣ ይገልጻል። በመሆኑም ለአሽከርካሪው መኪናው ነው ወይስ እኔ የሚለው ጥያቄ የእስር ቤትና የነፃነት ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው የካሣ ጉዳይ ነው። በዚህ ረገድ የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ የተለየ መንገድ ይከተላል። በአንቀጽ 2081 መሠረት የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ሥልጣን ያልተሰጠው ሰው ቢሆንም እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም። ተሽከርካሪው በወቅቱ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ነፃ ይሆናል። አንቀጽ 2086 ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ባለቤቱ እኔ አላጠፋሁም፣ የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም፣ ለመከላከል አልቻልኩም ወይም ያጠፋው ሌላ ሰው ነው ብሎ ከኃላፊነት ሊያመልጥ አይችልም። ኃላፊነቱ የሚቀረው ወይም የሚቀንሰው ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ሲሆን ነው።

ከዚህ የምንረዳው የተገጨው ወዛደር መኪናው ለምን እንደተፈተለከ የማስረዳት ሸክም እንደሌለበት ነው። የሕጉ መነሻ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ በተሽከርካሪው የሚጠቀመው ወገን ተሽከርካሪው የሚያመጣውን አደጋም ይሸከማል። ባለቤቱ ካሣውን ከፍሎ ሲያበቃ ጥፋት ፈጽሟል የሚለውን ወገን መልሶ የመጠየቅ መንገድ አለው፤ ይህ ግን ከተጎጂው ጋር የሚደረግ ክርክር አይደለም።

ይሁንና ተጎጂው መዘግየት የለበትም። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሣ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ ድርጊቱ በወንጀል ሕግ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ የተወሰነለት ወንጀል ከሆነ ያ ጊዜ ይሠራበታል። አሽከርካሪው በወንጀል ነፃ መውጣቱም የካሣ ጥያቄውን አይዘጋም፤ አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎት የነፃነት ውሳኔ እንደማይታሰር ይደነግጋል። የቴክኒክ ምርመራው ወይም የወንጀሉ ክርክር እስኪያልቅ በሚል መቀመጥ ለተጎጂ ቤተሰብ መብትን ማጣት ሊሆን ይችላል።

የሦስተኛ ወገን መድንን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ተሽከርካሪ ያለ መድን ሽፋን እንዳይንቀሳቀስ ይከለክላል። አዋጁ ሲወጣ ለሞት የተወሰነው ከፍተኛ ካሣ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት 100 ሺህ ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ 2 ሺህ ብር ነበር። ገጭቶ ላመለጠና መድን ለሌለው ተሽከርካሪ ተጎጂዎችም የመድን ፈንድ አለ። ከመድን ሽፋኑ በላይ ለሆነው ጉዳት የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው።

ሦስተኛው የአምራቹ ተጠያቂነት ነው። አንቀጽ 2085 ለትርፍ ብሎ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው በተለመደው አጠቃቀም ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይገልጻል፤ ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ ግን ኃላፊነት የለበትም። በወረቀት ላይ ግልጽ የሆነው ይህ ድንጋጌ በተግባር ሲታይ ይከብዳል። ወደ አገራችን ከገቡት መኪኖች ብዙዎቹ በሌላ አገር ያገለገሉ ናቸው፤ አምራቹ ባሕር ማዶ ነው፤ አምራቹ ለማስተካከያ የሚያወጣው ጥሪም ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ባለቤት አይደርስም። በመካከሉም ጋራዡ የቀየረው ፔዳል፣ በመለዋወጫ ንግድ ስሙ ከሚነሳው ሶማሌ ተራ የተገዛው ያገለገለ ዕቃ፣ ዓመታዊ ምርመራ አድርጎ ቦሎ የሰጠው ተቋም ይገባሉ። ጉድለቱ ከፋብሪካው ነው ወይስ ከጋራዡ የሚለውን ለመለየት ማስረጃ ካልተያዘ ክርክሩ መነሻ አያገኝም።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ አውዲ 5000 በተባለው መኪና ላይ ተመሳሳይ ቅሬታ ሲበዛ፣ የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ1989 ያወጣው ጥናት ዋናው ምክንያት የፔዳል ስህተት ነው ብሏል። ያም ሆኖ መፍትሔው ከመኪናው ጎን መጣ፤ ፍሬን ካልተረገጠ በቀር ማርሹ ከማቆሚያ ቦታው እንዳይወጣ የሚከለክለው መሣሪያ ተስፋፋ።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2009 በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ አቅራቢያ በአንድ ሌክሰስ መኪና የነበሩ አራት ሰዎች መሞታቸውን ተከትሎ ቶዮታ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለማስተካከያ ጠራ። በአደጋው ፔዳሉን የያዘው ለሌላ ሞዴል የተሠራ የእግር ምንጣፍ እንደነበር ታወቀ። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ በ2011 ይፋ በሆነው ጥናቱ ለችግሩ ኤሌክትሮኒክ ምክንያት አላገኘሁም አለ። በ2013 ግን በኦክላሆማ የነበረ የዳኞች ጉባኤ የሶፍትዌር ባለሙያ ምስክርነት ሰምቶ በኩባንያው ላይ የ3 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ወሰነ። በ2014 ኩባንያው ስለ ምንጣፉና ስለሚጣበቀው ፔዳል ሸማቾችን ማሳሳቱን አምኖ 1 ነጥብ 2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በሁለቱም አቅጣጫ መሳሳት እንደሚቻል የሚያሳዩ ሁለት ጉዳዮች አሉ። በአሜሪካዋ ሚኔሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2006 በ1996 ሞዴል ካምሪ ሦስት ሰዎች የሞቱበትን አደጋ ያደረሰ አሽከርካሪ ፍሬን ረግጬ ነበር ቢልም የ8 ዓመት እስራት ተፈርዶበት፣ የቶዮታው ጉዳይ ሲወጣ በ2010 ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ተወስኖ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ባለመቀጠሉ ተፈታ። በተቃራኒው በቶኪዮ ኢኬቡኩሮ ሚያዝያ 2019 እናትና ልጅ የገደለ የ87 ዓመት አዛውንት የቀድሞ ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣን መኪናው ተበላሽቶ ነው ብለው ቢከራከሩም፣ ፍርድ ቤቱ በ2021 ነዳጅ መስጫውን በስህተት መርገጣቸውን አረጋግጦ የ5 ዓመት እስራት ፈረደ።

ሰው ነው ወይስ ማሽኑ የሚለው ክርክር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ የአብራሪዎችን ብቃት የሚጠራጠሩ ድምፆች ተሰምተው ነበር። በኋላ እንደታወቀው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የገፋው በተሳሳተ መረጃ የተንቀሳቀሰ ሶፍትዌር ነው። ይህ የታወቀው የበረራ መመዝገቢያው ተገኝቶ ስለተነበበ ነው።

ማስረጃው እንዳይጠፋ

በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ውስጥም ከግጭት በፊት የነበሩትን 5 ሰከንዶች ያህል ፍጥነት፣ የፍሬንና የነዳጅ መስጫ ሁኔታ የሚመዘግብ መሣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 በደቡብ ኮሪያ ሴኡል 9 ሰዎች የሞቱበት አደጋ ሲመረመር፣ ከዚህ መሣሪያ በተጨማሪ በአሽከርካሪው ጫማ ላይ የተገኘው የነዳጅ መስጫ ፔዳል አሻራ ለምርመራው ማስረጃ ሆኗል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚመዘግበው ኮምፒዩተሩ የተረዳውን እንጂ እግሩን ራሱን አይደለም የሚል ክርክርም አለ። ስለዚህ ምንጣፉ፣ ፔዳሉ፣ ጫማውና የአካባቢው ካሜራ ምስል አብረው ሊያዙ ይገባል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ተከትሎ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች ቁጥር እየጨመረ ነው። እነዚህ መኪኖች ፍሪሲዮን የላቸውም፣ ድምፃቸው ዝቅተኛ ነው፣ ሲረገጡም ወዲያውኑ ይፈጥናሉ። ለአሽከርካሪዎች የመሸጋገሪያ ሥልጠና መስጠት እንደ ትርፍ ወጪ ሊታይ አይገባም።

ለመሥሪያ ቤቶች የስምሪት ክፍሎች የሚመከረው ተግባር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አሽከርካሪው ፔዳል ይጣበቃል ብሎ ያቀረበውን ቅሬታ ቀን ጽፎ መመዝገብ፣ የጥገናና የመለዋወጫ ሰነድ በሻንሲ ቁጥር ማስቀመጥ፣ ድርብ ምንጣፍ እንዳይነጠፍ መከልከል፣ ከአደጋ በኋላም ገለልተኛ ባለሙያ ሳያየው ተሽከርካሪውን ለጋራዥ አለመስጠት ይገባል። ቅሬታው ተመዝግቦ መኪናው ሳይጠገን ከተሰማራ ጥያቄው ወደ አሰማሪው ኃላፊ መሻገሩ አይቀርም።

አሽከርካሪው በበኩሉ ተሽከርካሪው ቢፈተለክ በቅድሚያ እግሩን ከሁለቱም ፔዳሎች አንስቶ ፍሬኑን ደግሞ መፈለግ፣ ካገኘውም ሳይደጋግም አንዴ አጥብቆ መርገጥ፣ ማርሹን ዜሮ ማድረግ፣ ሰው ወደሌለበት ጠርዝ መምራትና መኪናው ሲቆም ሞተሩን ማጥፋት አለበት። መኪናው እየሄደ ቁልፍ መንቀል መሪውን ስለሚቆልፍ የተከለከለ ነው።

መኪናው ነው ወይስ አሽከርካሪው የሚለው ጥያቄ በባለሙያ ምርመራና በፍርድ ቤት የሚመለስ ነው። መሳለሚያ ላይ ጆንያ እንደተሸከመ የተገጨው ወዛደር ግን መልሱን የመጠበቅ ግዴታ የለበትም፤ የካሣ መብቱን ሕጉ አስቀድሞ አስቀምጦለታል።