ድምፅ የመስጠት መብት በዕውቀት ሊለካ ይገባልን?

በሕዝብ ድምፅ ለመተዳደር የተነሣ አገር ሁሉ ሳይገጥመው የማያልፍ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የአገርን ጉዳይ ለመወሰን አስተዋይነትና ዕውቀት የሚያስፈልጉ ከሆነ፣ ያልተማረው ሰው ድምፅ ከተማረው ሰው ድምፅ ጋር እኩል ሊቈጠር ይገባልን የሚለው ነው። ጥያቄው በተለይ መምህራንን ይመለከታል፤ ፈተና የሚያወጡትና ውጤት የሚሰጡት እነርሱ ናቸውና። በዚህ ጽሑፍ ሐሳቡ የቀረበበትንና በተግባር የተፈተነበትን ታሪክ ባጭሩ እንመረምራለን።

ሐሳቡን በቅን ልቡና ካቀረቡት መካከል ዋነኛው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል ነው። ሚል እ.ኤ.አ. በ1861 ስለ እንደራሴያዊ መንግሥት ባሳተመው መጽሐፍ ማንበብ፣ መጻፍና ተራ ሒሳብ የማይችል ሰው ድምፅ እንዳይሰጥ፣ በትምህርት የላቀው ደግሞ ከአንድ በላይ ድምፅ እንዲኖረው ሐሳብ አቀረበ። በእርግጥ ፍትሕ ትምህርት ለድሃው ሁሉ እንዲዳረስ ያስገድዳል ብሏል። ሆኖም ማኅበረሰቡ ይህን ግዴታውን ባይወጣም እንኳ ያልተማረው እስኪማር ድረስ ሊታገሥ ይገባዋል ሲል ፈረደ። የሐሳቡ ድክመት የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው፤ ግዴታውን ያጓደለው አንዱ ሲሆን፣ ቅጣቱን የሚቀበለው ሌላው ይሆናልና።

ይህ ድክመት በተግባር ምን እንዳስከተለ የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1870 የጸደቀው 15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በዘርና በቀለም ምክንያት ድምፅ መከልከልን አገደ። ሚሲሲፒ ግን እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣችው ሕገ መንግሥት ቀለምን ሳትጠቅስ ሌላ መንገድ አገኘች። መራጭ ለመሆን የሚፈልግ ሰው የሕገ መንግሥቱን አንድ ክፍል አንብቦ እንዲያሳይ፣ ማንበብ ካልቻለም ሲነበብለት መረዳቱን ወይም በአግባቡ መተርጐሙን እንዲያስመሰክር ተደነገገ። መልሱ በቂ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የምዝገባው ሹም ብቻ ነበር። ከዚህም የተነሣ ለነጩ ቀላል አንቀጽ፣ ለጥቁሩ አስቸጋሪ አንቀጽ መስጠት የተለመደ ሆነ። ሉዊዚያና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1898፣ ከ1867 መባቻ አስቀድሞ ድምፅ የመስጠት መብት የነበራቸውን ሰዎች፣ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ከፈተናው ነጻ አደረገች። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ጥቁሮች ከባርነት ገና መውጣታቸው ስለ ነበረ፣ የዚህ ድንጋጌ ተጠቃሚዎች ነጮች እንደ ነበሩ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 በሉዊዚያና 130,334 ጥቁር መራጮች ተመዝግበው ነበር፤ በ1900 የቀሩት 5,320 ብቻ ነበሩ። በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሕዝብ አስተዋይነቱን አጣ ሊባል አይችልም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ሊስተዋሉ ይገባል። አንደኛ፣ ፈተናውን የሚሰጠው መንግሥት የጥቁሮችን ትምህርት ቤቶች በገንዘብ እያራቈተ ያቈየው ያው መንግሥት ነበር። ሁለተኛ፣ ደንቡን ያረቀቁት ሕግ ዐዋቂዎችና የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ መማር ብቻውን ለሕዝብ ጥቅም መቆምን አያረጋግጥም።

ለዚህ በደል ከተሰጡት መልሶች አንዱ ከመምህራን ወገን የመጣ ነው። በደቡብ ካሮላይና ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት ሴፕቲማ ክላርክ፣ ለጥቁሮች መብት ከቆመው ማኅበር አልወጣም በማለታቸው እ.ኤ.አ. በ1956 ከሥራቸው ተሰናበቱ። በማግስቱ ዓመት እርሳቸውና የሥራ ጓደኞቻቸው በጆንስ ደሴት ለጎልማሶች የማታ ትምህርት አስጀመሩ። አስተማሪዋ በርኒስ ሮቢንሰን ፀጉር ሠሪና ልብስ ሰፊ እንጂ በሙያ መምህርት አልነበሩም። የሕፃናቱን መማሪያ ወደ ጐን ትተው፣ ተማሪዎቹ ምን መማር እንደሚሹ ጠየቋቸው። ስምን መጻፍ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ፣ ቅጽ መሙላትና የምዝገባውን ፈተና ማለፍ የትምህርቱ ይዘት ሆነ። ይህ አሠራር «የዜግነት ትምህርት ቤት» በሚል ስም በደቡብ ሁሉ ተስፋፋ።

በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የድምፅ መስጠት መብት ሕግ ፈተናውን በእነዚህ ግዛቶች አገደ፤ በ1975 እገዳው በመላ አገሪቱ ቋሚ ሆነ። በሚሲሲፒ የተመዘገቡት ጥቁሮች ከ7 በመቶ በታች የነበሩት በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 60 በመቶ ገደማ ደረሱ።

ሕንድ ከመነሻው የተለየ መንገድ መረጠች። እ.ኤ.አ. በ1951 ከሕዝቧ ማንበብ የሚችለው 18 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በተጀመረው የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ፊደል ያልቈጠረውም በሥዕል ምልክት እየለየ ድምፁን ሰጠ። በአገራችንም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ድምፅ የመስጠትን መብት በዕድሜ እንጂ በትምህርት ደረጃ አልወሰነም፤ የመወዳደሪያ ምልክቶችም ለዚሁ ያገለግላሉ።

ይህ ማለት ግን ማይምነት ለሕዝብ አስተዳደር ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ማንበብ የማይችል መራጭ የተጻፈውን በራሱ ለማመዛዘን ስለማይችል በሌላው ቃል ለመመራት ይገደዳል። ነገር ግን የዚህ መድኃኒቱ መብቱን መንፈግ ሳይሆን ማስተማር ነው። ድምፅ የሌለውን ሰው ትምህርት ቤት ሥራልኝ ብሎ ቢጠይቅ የሚሰማው አያገኝም፤ ድምፁ የተነጠቀበት ሕዝብ ትምህርቱንም ጭምር ይነጠቃል። እንግዲህ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችና መምህራን ከዚህ ታሪክ የሚቀስሙት ቁም ነገር፣ ትምህርት መንግሥት ለመራጩ የሚከፍለው ዕዳ እንጂ መራጩ መብቱን የሚገዛበት ዋጋ አለመሆኑን ነው።