ስለ ቦነያ የአይሮፕላን ማረፊያ

በለቀምት አጠገብ ያለው የቦነያ ሜዳ በ1928 ዓ.ም. አይሮፕላን ሊያሳርፍ የበቃው ደልዳላ ስለ ነበረ ነው እንጂ፣ በተወሰነ ቀን የሚመላለስ አይሮፕላን ኖሮት አይደለም። ሆኖም በአንድ ሌሊት ስሙ በታሪክ ገባ።

ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ በጠላት እጅ ብትወድቅም ምዕራቡ አገር ገና አልተያዘም ነበር። በጎሬ የልዑል ራስ እምሩ እንደራሴነት ጸንቶ ቆሟል፤ በወለጋ ግን ገዥው ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ከኢጣልያኖች ጋር መላላክ ጀምረው ነበር። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ስለ ጨቀየ ኢጣልያኖች በአየር መምጣትን መረጡ።

ሰኔ 19 ቀን ሦስት አይሮፕላኖች በቦነያ ወረዱ። ከመጡትም መካከል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቼንሶ ማልዮኮ፣ ኮሎኔል ማሪዮ ካልዴሪኒና ስመ ጥሩው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበሩ።

ብዙዎች ይህን ነገር ሲያወሱ የሟቾቹን ማዕረግ ያስቀድማሉ። እኔ ግን ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው የሜዳው ሁኔታ ይመስለኛል። እንግዶቹ ወዳጅ አገር የገቡ መስሏቸው በአይሮፕላኖቹ አጠገብ አደሩ። አየሩ የእነርሱ ቢሆንም በሌሊት መነሣት አይችሉም፤ በዙሪያው ያለውን ምድር የያዘ ጦርም አልነበራቸውም። በእንስሳት ሐኪሙ በዶክተር ዓለምወርቅ በየነ የሚመራው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ይህን ተረዳ። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጭምር ያሉበት ጓድ በዚያው ሌሊት አደጋ ጥሎ መኰንኖቹን ገደለ፤ አይሮፕላኖቹንም አቃጠለ። ከመጡት ውስጥ በሕይወት የተረፉት ሚሲዮናዊው አባ ቦሬሎ ብቻ ናቸው።