የዲሞዋ ሕፃን ፎቶግራፍ

ከጎባ ተነሥቶ፣ የሰነቴን ብርዳማ አምባ አቋርጦ፣ በሐረና ደን ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ደሎ መና ላይ ከቆላው ጋር ይገናኛል። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር፣ ከከተማዋ ወዲያ በተዘረጋው የያኔው የባሌ ክፍለ ሀገር ቆላ የነበረች አንዲት መንደር ትታወሰኛለች፤ ዲሞ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመም የታየው እዚያ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. ነው። ሕመምተኛዋ ሕፃን ልጅ ነበረች።

በ1963 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ ድል የነሣው በክትባት ብቻ ሳይሆን በአሰሳም ጭምር ነው። ሠራተኞቹ የታመመ ልጅ ሥዕል ይዘው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ እንዲህ ያለ ሰው ታይቶ እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ ባይናገር ኖሮ ፈንጣጣ ባልጠፋ። ይህን ውለታ አልክድም።

ይሁን እንጂ የሕፃኗ ስምና ጠባሳዋን የሚያሳየው ፎቶግራፏ ዓለምን ዞሩ። ዛሬም ማንም በስልኩ ፈልጎ ያገኛቸዋል። እኔ ስሟን አልጽፈውም። ሕግ አልነበረም እንዳንል፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ከልክሏል። ቁጥር 28 ግን ለሳይንስ ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲባል ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ለመሆኑ ሕፃን ልጅ ምን ፈቃድ ይኖራታል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ያው ነው። አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ አንቀጽ 93 ደግሞ የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት አስቸኳይ ጊዜ ማወጅን ይፈቅዳል። በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን የማይገደቡ ተብለው ከተዘረዘሩት መብቶች መካከል አንቀጽ 26 የለም። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አዋጁ ሲታወጅ፣ የሕመምተኛውና አብረውት የቆዩ ሰዎች ስምና ስልክ ይመዘገብ የነበረው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የወጣው ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ነው። የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መመደቡ ትልቅ እርምጃ ነው። በእኔ እምነት ግን ቀሪው ሥራ ከሚቀጥለው ወረርሽኝ በፊት መሠራት አለበት፦ ስሙን ማን ይይዛል? ለማን አሳልፎ አይሰጥም? በስንተኛው ቀን ይሰርዘዋል? ስሙ አደባባይ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው ሕመምተኛውን ይደብቃልና፣ ምስጢር መጠበቅ የጤናም ጉዳይ ነው።

የያኔውን መዝገብ ምስጥ በልቶት ይሆናል። የዛሬውን መዝገብ ግን ምስጥ አይነካውም፤ ሕግ ካልሰረዘው ማንም አይሰርዘው።