ችሎት የሸሸው ሐኪም

ስሙኝማ! አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አንድ የኡበር ሾፌር ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም፤ የሱ ቢጤ በየቡና ቤቱ ሞልቷል። 395 በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ መንገድ ተጨናንቆ ቆሞ ሳለ ከኋላው የመጣ ፒክአፕ ገጨው። ጥፋቱ የማን ነው የሚል ክርክር አልተነሣም። ክርክሩ የመጣው በአንገቱ ነው። ኢንሹራንሱ ምን አለ? «ይህ አንገት ድሮም ያረጀ ነው» አለ።

እንግዲህ ይህን አፍ የሚያስይዝ አንድ ሰው ቢኖር፣ አንገቱን ሲያክም የከረመው የአጥንት ሐኪም ነው። ኢንሹራንሱ የሚቀጥረው ሐኪም አንድ ቀን አይቶ አስተያየት ይሰጣል፤ አካሚው ግን ወራት አይቶታል፣ ያየውም ለክርክር ብሎ አይደለም። ጁሪ ይህን አይስተውም።

ሐኪሙ ግን መስክር ቢባል ወይ ፍንክች! ደብዳቤ ተላከ፣ መልስ የለም። ስልክ ተደወለ፣ «ዶክተሩ ሥራ ላይ ናቸው» ተባለ። የሾፌሩ ጠበቃ ተናደደና «መጥሪያ እልክለታለሁ፣ ሳይወድ ይመጣታል!» አለ።

በጠበቃው ቢሮ ጉዳይ የምትከታተል አንዲት የአገራችን ልጅ ነበረች። «ተው፣ አይሆንም» አለችው። እውነቷን ነው። መጥሪያ ሐኪሙን ችሎት ያደርሰዋል እንጂ ልቡን አያመጣም። የሰው ቀጠሮ ሰርዞ፣ ኮሪደር ላይ ግማሽ ቀን ተጎልቶ የገባ ሐኪም ሲጠየቅ «ሊሆን ይችላል» ብሎ ይገላገላል። «ሊሆን ይችላል» ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ውሃ አያነሳም። ጉዳቱ ከአደጋው መምጣቱ፣ በሕክምና ዕውቀት ሲመዘን፣ ካለመምጣቱ ያመዝናል ካላለ ዳኛው አስተያየቱን ለጁሪ አያሳልፈውም።

ልጅቷ ክሊኒኩ ሊዘጋ ሲል ሄደች፤ ሾፌሩ የፈረመበትን ፈቃድ ይዛ። ያለዚያማ ሂፓ የሚሉት የእ.ኤ.አ. 1996 ሕግ አለና ሐኪም ትንፍሽ አይልላትም። «ዶክተር፣ ምኑ ነው ያስጠላዎት?» አለችው። እስኪጠየቅ ይጠብቅ ኖሮ ዘረገፈው። ከዚህ በፊት አንድ ጠበቃ በገንዘቡ አንገላትቶታል፤ ሌላው ደግሞ ሰው ፊት «የተገዛህ ምስክር» ብሎ አዋርዶታል።

«ፍርድ ቤት መምጣት አይጠበቅብዎትም» አለችው። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ደንብ 4፡7፣ አካሚ ሐኪም አስቀድሞ በዲፖዚሽን፣ ማለትም ከችሎት ውጪ በመሐላ፣ የሰጠውን ቃል እሱ ሳይቀርብ ችሎት ላይ መጠቀም ይፈቅዳል። እናም በራሱ ቢሮ፣ በማለዳ፣ በካሜራ ሊቀዳ ተስማማ። የሰዓቱ ሒሳብም አስቀድሞ በጽሑፍ ታሰረ፤ ክፍያው ለጊዜው ነው እንጂ ለሚናገረው አይደለም።

ከቀረጻው በፊት ጠበቃው ከሐኪሙ ጋር ካርዱን ገጽ በገጽ አየ። ጉድ የተገኘው እዚያ ነው! በየቀጠሮው «ደህና ነኝ ብሏል» ተጽፏል። ሰውዬአችን «እንዴት ነህ?» ሲባል ምን ይበል? አንገቱ እየነደደ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሏል፤ ነርሷ ጽፋለች። እኛ ከሐኪም ፊት ተቀምጠን እንኳ ሕመም ማውራት ማማረር ይመስለናል፤ በዚህ ጨዋነት ስንቱ ካሣውን እንዳጣ እግዜር ይወቀው።

ቀረጻው ላይ የኢንሹራንሱ ጠበቃ ታዲያ ይህቺን «ደህና ነኝ» አልማራትም። «የራስዎ ካርድ ደህና ነው አይልም?» አለ።

«ይላል» አለ ሐኪሙ። «ሰላምታው ነው። ክንዱን በመዶሻ ስመታው ግን ጡንቻው አልመለሰልኝም፤ ጡንቻ ደግሞ በጨዋነት አይዋሽም። ኤምአርአዩ ላይም ዲስኩ ነርቭ ተጭኖ አየሁ።»

«እርጅናስ የለም?»

«አለ። በሱ ዕድሜ ያለ የብዙ ሰው አንገት ላይ አለ። እጁ የደነዘዘው ግን ከግጭቱ በኋላ ነው።»

እርጅናውን እንዳይደብቅ የመከረው ራሱ የሾፌሩ ጠበቃ ነበር። የደበቀ እንደሆነ ያኛው ወገን አውጥቶ ጁሪ ፊት ይዘረጋዋል፤ ያን ጊዜ የቀረውንም የሚያምነው የለም።

ኢንሹራንሱ ቪዲዮውን ካየ በኋላ ችሎቱን አልጠበቀም፤ ደወለ፣ ታረቁ። ሾፌሩ ደስ ብሎት መጣ፤ ደስታው የሒሳቡን ወረቀት እስኪያነብ ነበር። የጠበቃውን ድርሻ ያውቀዋል፤ የሐኪሙ ሰዓት ዋጋ ላይ ሲደርስ ግን መነጽሩን አወለቀ።

«አንቺ፣ ይኼ ሰውዬ ቁጭ ብሎ ላወራበት ነው ይኼ ሁሉ?»

«ጋሼ፣ ችሎት ቢጠራ ኖሮ የቀን ሙሉ ነበር የሚያስከፍለው» አለችውና እስክሪብቶውን አቀበለችው።