የምዕራብ ሸዋ ስንዴና ጥንድ ያጡ ክሮሞሶሞች

ከሆለታ እስከ ጊንጪና አምቦ ባለው ደጋ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው ስንዴ በአብዛኛው የአገሬው ዱረም ነው። በመረሬ መሬት ላይ የሚዘራውም ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ውሃው ቀነስ ሲል ነው። ዱረምም ሆነ ገለባው በቀላሉ የማይለቀው፣ አጃ የተባለው የስንዴ ዓይነት 28 ክሮሞሶም አላቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው የዳቦ ስንዴ ግን 42 አለው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ በ1927 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኢትዮጵያን ሲጎበኝ ያስደነቀው የባለ 28ቱ ስንዴ የዓይነት ብዛት ነበር።

የቁጥሩን ልዩነት በ1918 ጃፓናዊው ተመራማሪ ሳካሙራ አሳወቀ። የአገሩ ልጅ ኪሃራ ደግሞ ሁለቱ ሲዳቀሉ የሚሆነውን መረመረ። ልጁ 35 ክሮሞሶም ይወርሳል፤ 28ቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው 14 ጥንድ ሲሠሩ 7ቱ ብቻቸውን ይቀራሉ። ይህን ለማየት ዛላው ከቅጠል ሽፋኑ ሳይወጣ ይቆረጣል፤ በአልኮልና በአሴቲክ አሲድ ይነከራል፤ የአበባ ዱቄት የሚያፈራው ክፍል በካርሚን ቀልሞ በመስታወት መሃል ይጨፈለቃል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥንዶቹ በሴሉ መሃል ተሰልፈዋል፤ ሰባቱ ግን ተበታትነዋል። ጥንዶቹ ተለያይተው ወደ ዳርና ዳር ሲሄዱ ብቸኞቹ ወደኋላ ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹ ከኒውክሊየሱ ውጭ ቀርተው ይጠፋሉ። ስለዚህ ብዙው የአበባ ዱቄት መካን ይሆናል፤ ፍሬውም ይሰለስላል። የተረፈው ዘር ትውልድ በትውልድ ወደ 28 ወይም ወደ 42 ይመለሳል።

የዳቦ ስንዴ ራሱ የሦስት ቅድመ አያቶች ክሮሞሶም ስላለው የመጣመር ሥርዓቱ ይፋለሳል ተብሎ ሊጠበቅ ይችል ነበር። በ1958 ግን 5ቢ በተባለው ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ ጂን ተመሳሳዮቹ ብቻ እንዲጣመሩ እንደሚያደርግ ታወቀ። ጂኑ ሲጎድል ከሁለት በላይ ክሮሞሶሞች ተያይዘው ሰንሰለት ይሠራሉ። አዳቃዮችም ይህንኑ ጉድለት ተጠቅመው ከዱር ሣሮች ዋግ የሚቋቋሙ ጂኖችን ወደ ስንዴ አሻገሩ።

ዋግ ለኢትዮጵያ ገበሬ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ እንኮይ የተባለው ዝርያ በ1993፣ ዲገሉ በ2013 በግንድ ዋግ ወድመዋል። አምቦ በ1947 የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፍቶባታል፤ ሆለታም ከ1960ዎቹ ጀምሮ የምርምር ማዕከል አላት። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተጀመረው የአምቦ የዕፅዋት በሽታ ላቦራቶሪ በኋላ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ሆኖ የግንድ ዋግ ዝርያዎችን ሲለይ ቆይቷል። ቫቪሎቭን ያስደነቀው የዓይነት ብዛት እንዳይጠፋም፣ የጊንጪን የአገሬው ስንዴ እየዘራ ያቆየ ገበሬ ከዘር ባንክ እኩል ድጋፍ ይገባዋል።