የመሬት አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ እና የካሳ ግመታ

የገጠር መሬት አስተዳደር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የይዞታ ሕግን፣ የካዳስተር ቅየሳን፣ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድንና የንብረት ግመታን የሚያጣምር የሙያ ዘርፍ ነው። በኢትዮጵያ በዘርፉ ከሚታወቁት ተቋማት አንዱ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት ነው።

መሬት በግል በሚሸጥባቸው አገሮች ገማቹ የሚነሳው ከገበያ ዋጋ ነው። በኢትዮጵያ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የሚገመተው በላዩ የሰፈረው ንብረትና የሚገኘው ምርት ነው።

መንገድ፣ ደረቅ ወደብና ኢንዱስትሪ ፓርክ ወደ ጤፍ ማሳ በሚሰፉባቸው የአዳማና የሞጆ ዙሪያ ቀበሌዎች ጉዳዩ የኑሮ ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለዘለቄታው ለሚነሳ አርሶ አደር የ5 ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን በ10 አባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ በ3 ዓመታት ውስጥ የተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ ደነገገ። ስሌቱ ቀላል ይመስላል፤ አስቸጋሪው የሚባዛውን ገቢ በትክክል ማወቅ ነው። ማሳው ሲለካ ወይም ምርቱ ሲመዘገብ 1 ኩንታል ጤፍ ከተዘለለ፣ ከአርሶ አደሩ ካሳ ላይ የ15 ኩንታል ዋጋ ይጎድላል።